ሚስማር የማይመታበት ግድግዳ

እህቴን ሰፈሩ የሚያውቃት «ሽቦ» በሚለው ስም ነው። ስሙን ያወጡላት የስልክ መሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጉድጓድ እየወረደች፣ ምሰሶ እየወጣች የተበጠሰ የስልክ ሽቦ ስትቀጥል ኖራለች። ቀጭን ናት። ብታጎብጧት ትጎብጣለች፤ የለቀቃችኋት ጊዜ ግን ተፈናጥራ ዓይናችሁን ነው የምትወጋው። እኔ ታናሿ ስለሆንኩ ፊት ለፊት «እትዬ» እላታለሁ። በሆዴ የምላትን እኔና ፈጣሪ እናውቃለን።

ጡረታ የወጣች ዕለት አዲሱ ኃላፊ በተሰበሰበው ሠራተኛ ፊት «የመዳብ ዘመን አልፏል፤ ዘመኑ የአየር ነው» ብሎ ንግግር አደረገ። እሷ አጠገቡ ቆማ ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እህቴ ግን ያን ዕለት ቤት ገብታ ጫማዋን እያወለቀች «መዳብስ ቢሆን ምን አጠፋ?» አለችኝ። ለመሰናበቻ የሰጧት የግድግዳ ሰዓት ነው። እንግዲህ ፍረዱ፤ ሚስማር በማይመታበት ቤት ለምትኖር ሴት የግድግዳ ሰዓት!

የሚስማሩን ነገር ልንገራችሁ። አባታችን ግንበኛ ነበር። ይህን ቤት ድንጋይ በድንጋይ የደረደረው በገዛ እጁ ነው፤ የግድግዳው ውፍረት አንድ ክንድ ይሞላል። «ሚስማር ስንጥቅ ይወልዳል» ባይ ነበር። በዚህ ግድግዳ ላይ ሚስማር የመታ ሰው ከዚህ ቤት እንደማያድር ስንት ጊዜ ነግሮናል። እሱ ካረፈ ሃያ ዓመት አልፏል፤ ቃሉ ግን አብሮት አልተቀበረም። ፎቶዎቻችን ቁም ሣጥን ላይ ተደግፈው ይቆማሉ። መስታወታችን ወንበር ላይ ተቀምጧል። የእህቴም ሰዓት መደርደሪያ ላይ በጀርባው ተንጋልሎ ጣራ ጣራውን እያየ ይቆጥራል። እንግዳ ሲመጣ «ዕቃችሁን ገና አልሰቀላችሁም እንዴ? መቼ ነው የገባችሁት?» ይለናል። ሃምሳ ስምንት ዓመታችን ነው እንላለን።

በዚህ ቤት ሦስት ሴቶች ነን። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬ ከሳሎኑ መስኮት ሥር ነው። እህቴ አለች። ሦስተኛዋ የእህቴ አንድያ ልጅ ናት፤ ሚጣ እንላታለን። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷታል፤ የልጅነት ስሟ ግን አልላቀቃትም። ሚጣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እግሮቿ ስለማይታዘዙላት በሁለት ክራንች ነው የምትሄደው። ትምህርቷን ጨርሳ ሰባት ዓመት ሥራ ፈለገች። ሰባት ዓመት! ፈተናውን ታልፋለች፤ ቢሮው ግን ሁልጊዜ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱም ሁልጊዜ ነገ ነው የሚሠራው። ደረጃው ሥር ቆማ ወደ ላይ አይታ ትመለሳለች። ቤት ገብታም አታለቅስም፤ ክራንቿን በር ጥግ ታስደግፍና «ዛሬም ፎቁ አሸነፈ» ትለናለች።

ከሦስት ዓመት በፊት እግሯን ሳይሆን እጇን የሚፈልግ ሥራ አገኘች። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ናት። መስማት የተሳነው ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሆስፒታሉ በቪዲዮ ይደውልላታል። በሽተኛው በእጁ የሚናገረውን እሷ በአፏ ለሐኪሙ ትናገራለች፤ ሐኪሙ የሚለውን ደግሞ በእጇ ለበሽተኛው ታደርሳለች። ይህን ሁሉ የምትሠራው ጓሮ በኩል ባለችው ክፍሏ ተቀምጣ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ሥራ ጨርሳ ስትወጣ ፊቷን ባያችሁት። ሰው የጠየቀኝን መለስኩ እንጂ ሰው ደረጃ አላስወጣኝም አለችን፤ እኔም ማልቀሴን በመርፌ ተወጋሁ ብዬ ሸፈንኩት።

ታዲያ የአባባ ግድግዳ መጣብን። ኢንተርኔቱ ወደ ቤት የሚገባው በሳሎኑ በኩል ነው፤ ራውተሩ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጧል። የሚጣ ክፍል የቤቱ መጨረሻ ነው። በመሃል የእኔ መኝታ ቤትና ኩሽናው አሉ። ዋይፋዩ ሦስት የድንጋይ ግድግዳ አልፎ እሷ ጋ እስኪደርስ ትንፋሹ ያልቃል። ምስሉ ይቆማል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ደግሞ ይቆማል። በድምፅ ለሚያወራ ሰው ይህ መናደጃ ነው። በእጁ ለሚያወራ ሰው ግን አፉን እንደመያዝ ነው።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ሐኪም ፊት ተቀምጠው የሚያማቸውን በእጃቸው ይናገራሉ። እጃቸው ከደረታቸው ተነስቶ ወደ ሆዳቸው ሊወርድ ሲል ምስሉ ቀጥ አለ። ተመልሶ ሲመጣ እጃቸው ሆዳቸው ላይ ነው። ሚጣ እንደገና ይንገሩኝ ልትል ስትል መስመሩ ጭራሽ ተቆረጠ፤ ሐኪሙም የሰማውን ይዞ የሆድ መድኃኒት ጻፈላቸው። ሽማግሌው በማግስቱ በልብ ሕመም ተመለሱ። ተርፈዋል፤ እግዜር ይመስገን። ሚጣ ግን ሳምንቱን ሙሉ እህል በአፏ አልዞረም። «ደረቴን ብለው ነበር እኮ አክስቴ፤ እኔ ነኝ ያላየሁት» ትለኛለች።

ሳምንት ሳይሞላ ከመሥሪያ ቤቷ ደብዳቤ መጣ። በሚቀጥለው ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት መስመሯ ይፈተናል። ምስሉ አንድ ጊዜ ከተቋረጠ ከቤት መሥራቱ ይቀርና ዋናው ቢሮ እየተገኘች ትሠራለች። ዋናው ቢሮ ሌላ ከተማ ነው። ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። ሚጣ ደብዳቤውን ጮክ ብላ አነበበችልንና አጠፈችው።

«በቃ፣ ሰባቱ ዓመት እንደገና ሊጀምር ነው» አለች።

እህቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። «ልጄ ከዚህ ቤት የምትወጣው ራሷ ስትፈልግ ነው» አለች፤ «ግድግዳ ገፍትሮ አያስወጣትም!»

ረቡዕ ከሚጣ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ተላከ፤ መነጽር ያደረገ ጎልማሳ። ስልኩን ወደ ላይ ይዞ ከክፍል ክፍል እየዞረ ራሱን ነቀነቀ።

«ማዘር፣ ይሄ እኮ ግድግዳ አይደለም፣ ምሽግ ነው!»

«ማዘርህ ቤትህ አሉ» አለችው እህቴ። «እኔን ሽቦ በለኝ።»

ባለ መነጽሩ ሁለት ሐሳብ አቀረበ። አንደኛው ሚጣ ሳሎን መጥታ እንድትሠራ ነው። እኔ ሳሎን ቀሚስ የምለካቸው ሴቶች ተሰልፈው፣ የሰው በሽታ ሊተረጎም! ሚጣ ራሷ «የሰው ምሥጢር ነው፤ አይሆንም» አለች። ሁለተኛው ረጅም ኬብል በወለሉ ላይ ዘርግቶ እስከ ክፍሏ መውሰድ ነው። እንዲያውም ከቦርሳው አውጥቶ መዘርጋት ጀመረ። እህቴ ወደ በሩ ጥግ ሄደች። የሚጣን ክራንቾች አንስታ አስታቀፈችው።

«እንካ፣ እስቲ አንተ ሂድበት።»

ሰውዬው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። አፍሮ ክራንቹን ብብቱ ሥር አስገባና አንድ ሁለት እርምጃ ተራመደ። በሦስተኛው የክራንቹ ጎማ ኬብሉ ላይ አርፎ ተንሸራተተ። የስፌት መኪናዬን ባይዝ ኖሮ መነጽሩን ከወለሉ ላይ እንለቅም ነበር።

«ገባኝ» አለ ላቡን እየጠረገ። «እንግዲያው ኬብሉ በላይ በላይ፣ ግድግዳ ተበስቶ ነው መሄድ ያለበት። ይሄን ድንጋይ ደግሞ እስከ ሰኞ የሚበሳልኝ ሰው የለኝም።»

«እኔ አለሁ።»

«ማዘር... ሽቦ ማለቴ፣ የኔትወርክ ኬብል እንደ ስልክ ሽቦ አይደለም እኮ። የቀለሞቹ አደራደር ራሱ...»

«አንተ ሳትወለድ ሽቦ ስቀጥል ነበር» ብላ አፉን አስያዘችው። ሰውዬው ስልክ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ ሄደ። ያችን ዓረፍተ ነገር ያስጨረሰችው ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ የምነግራችሁ አጠር አድርጌ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጥቅል ኬብል፣ ጫፍ ላይ የሚታሰሩ ጥርት ያሉ የፕላስቲክ መሰኪያዎች፣ መጭመቂያ ፒንሳና ባለ መብራት መፈተሻ ገዝታ መጣች። ከሰፈሩ የብረት በር ሠሪም ትልቅ ድሪል ተዋሰች። የመጀመሪያው ቀዳዳ ከሳሎኑ ወደ እኔ መኝታ ቤት ነው። ግድግዳው ፊት እጆቼን ዘርግቼ ቆምኩ።

«እትዬ፣ አባባ ያለውን ረሳሽው?»

«አልረሳሁም።»

«ሚስማር ያላስነካውን ግድግዳ በዚህ ጦር ልትወጊው ነው?»

«አባባ ግድግዳውን ለእኛ ሠራው እንጂ እኛን ለግድግዳው አልወለደንም። ዞር በይ።»

«አልዞርም!»

«እንግዲያው ከነአንቺ እበሳዋለሁ።»

ዞር አልኩ። እህቴን አውቃታለሁ፤ ታደርገዋለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አልኩ፤ ድሪሉ ስለጮኸ አልሰማችኝም።

የመጀመሪያው ቀዳዳ ከሸፈ። አንድ መዳፍ ያህል እንደገባ ድንጋይ መሃል ላይ ደረሰና ድሪሉ ይጮኽ ጀመር፤ ወደፊት ግን አልሄደም። ጭሱን አየሁና በልቤ አባባ ነው አልኩ። እህቴ ድሪሉን አስቀመጠች፤ መዶሻ አንስታ በእጀታው ግድግዳውን ኳ ኳ፣ ኳ ኳ እያደረገች ጆሮዋን ለጠፈችበት። በድንጋይና በድንጋይ መሃል ያለውን ሲሚንቶ መፈለጓ ነው። አባታችን ድንጋይ ሲመርጥ ልክ እንዲህ ነበር የሚያንኳኳው። ይህን ሳይ ቁጣዬ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ብቻ አቧራ የሚጠርግ ጨርቅ ይዤ ተመለስኩ።

ሐሙስና ዓርብ ቤታችን ወፍጮ ቤት መሰለ። ሽቦ ካልጨረሰች አታርፍም፤ ግድግዳው አንዴ ከተከፈተ ለምን ለአንድ ክፍል ብቻ ብላ በየክፍሉ ሶኬት አስገባች፤ ኩሽናው ሳይቀር። ኬብሉን ከጣራው ሥር ሥር በነጭ የፕላስቲክ ሽፋን አስገብታ ወሰደችው። ከወገብ በታች አንዲት ክር እንኳ የለም። በእያንዳንዱ ሶኬት ውስጥ ከመክደኗ በፊት በእርሳስ ቀኑንና የራሷን ምልክት ጻፈች። በስልክ ቤት እንዲያ ነበር፤ ቀጣዩ ሠራተኛ ሲከፍተው ማን እንደሠራው እንዲያውቅ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በእሷ ምልክት ላይ ብልሽት ተገኝቶ አያውቅም፤ ይህንንም በሳምንት አንዴ ሳትነግረን አትቀርም።

«እኔ ክፍል ያለው ሶኬት ላይ ምን ልሰካበት?» አልኳት ከአልጋዬ በላይ ያለውን እያየሁ።

«ግድግዳሽን በስቼ ባዶ እጅሽን ልተውሽ? ይቀመጥ።»

ቅዳሜ ጫፎቹን ማሰር ጀመረች። በኬብሉ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው እርስ በርስ የተጠማዘዙ፣ አራት ጥንድ። እያንዳንዱ ባለ ቀለም ሽቦ ነጭ መስመር ካለባት ጥንዱ ጋር ተጠምዝዟል። እኔ ክር አውቃለሁና ጥምዘዛው ማረከኝ። እህቴ ፒንሳዋን ይዛ «ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ» እያለች ጥንዶቹን ጎን ለጎን ደርድራ መሰኪያው ውስጥ ታስገባለች። የስልክ ቤት ቅደም ተከተል ነው፤ ተኝታም ብትሆን ትለዋለች።

ሚጣ ከራውተሩ ካርቶን የወጣችውን የፋብሪካ አጭር ገመድ ይዛ መጣች። መሰኪያው ጥርት ያለ ስለሆነ ቀለሞቹ ይታያሉ።

«እማዬ፣ እዚህኛው ላይ እኮ አረንጓዴዎቹ ተለያይተዋል። ሰማያዊው መሃላቸው ገብቷል።»

እህቴ በጨረፍታ አየችው። «ዓይን አያየው የለ! ጥንድ ለያይተው ይሸጡልናል። የዘንድሮ ሥራ ይኸው ነው» ብላ ወደ ጥግ ወረወረችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ታሰረ። መፈተሻውን በሁለቱ ጫፍ ሰካችው። እኔ ሳሎን፣ እሷ ሚጣ ክፍል ሆነን ጮክ ብለን ቆጠርን። አንድ በራ፣ ሁለት በራ፣ ሦስት... እስከ ስምንት አንድም ሳይዛነፍ በራ። «ደረሱ! ስምንቱም ደረሱ!» ብላ የጮኸችው ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ሚጣ ኮምፒውተሯን ሰክታ ለሥራ ጓደኛዋ በቪዲዮ ደወለች።

ምስሉ ከዋይፋዩ የባሰ ሆነ። የጓደኛዋ ፊት እንደ ተጣጣፈ ልብስ በየቦታው ተቆራርጦ ቆመ። ነቅለን ሰካን፤ ያው ነው። እንደገና ፈተሽን፤ መብራቶቹ እንደገና ከአንድ እስከ ስምንት በሩልን። እኔ ምላሴ ይቆረጥና «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አልኩ።

ሽቦ መፈተሻውን ነቅላ ለብቻዋ መልሳ ቆጠረች። 

«ለባለ መነጽሩ እንደውል» አለች ሚጣ።

«አልደውልም። ስምንቱም ደርሰዋል። ጥፋቱ ከእኔ አይደለም።»

ሚጣ ክራንቿን ይዛ ተነሳች። በሠላሳ አራት ዓመቷ እናቷ ላይ ድምጿን ከፍ ስታደርግ ሰምቻት አላውቅም ነበር። «እማዬ፣ ሰኞ የምፈተነው እኔ ነኝ! አንቺ በምልክትሽ ትኮሪያለሽ፤ ደረጃው ሥር የምቆመው ግን እኔ ነኝ!»

ገብታ በሯን ዘጋች። እህቴ በረንዳው ደረጃ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። እዚያው እያለች መሸ፤ እራት ላይም ሦስታችን ሳህናችንን እያየን በላን።

እሑድ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ሚጣ የስፌት ጠረጴዛዬን ይዛዋለች። መብራቴን ወደታች አጎንብሳ ያችን የተወረወረች የፋብሪካ ገመድና የእናቷን አንድ ቁራጭ ኬብል ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለች። ይህች ልጅ እንጀራዋ የሰው ጣት ማየት ነው፤ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሄደ አያመልጣትም። እህቴ ሻይዋን ይዛ መጣችና ከበላይዋ ቆመች።

«እማዬ» አለች ሚጣ ቀና ሳትል፣ «በስልኩ ጊዜ ሽቦዎቹ ሁሉ ደርሰው መስመሩ ግን የሚበላሽበት ጊዜ አልነበረም?»

«የለ...» ብላ ጀመረችና እህቴ አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

ሻይዋን አስቀመጠች። ወንበር ስባ ተቀመጠችና እንዲህ ብላ ነገረችን። በስልክ ቤት ሠራተኞቹ በቀልድ «ውሽማ» የሚሉት ጥፋት ነበር። አንዱ ሽቦ ተጠማዝዞ የመጣበትን ጥንዱን ትቶ ከሌላው ጥንድ ጋር መስመር ሲይዝ ነው። ሲፈተሽ ሁሉም ደርሷል ይላል፤ መፈተሻ መድረሱን እንጂ ከማን ጋር እንደመጣ አይጠይቅም። መስመሩ ሲነሳ ግን የጎረቤት ወሬ ይገባበታል፤ ጥምዘዛው ነበር ወሬውን የሚከላከለው። ስንቱን ለማጅ በዚህ ጥፋት አንቀጥቅጣዋለች።

ከዚያ የፋብሪካዋን ገመድ አንስታ በምላጭ ልጧን ገፈፈች። አረንጓዴውና ጥንዱ በመሰኪያው ውስጥ ሦስተኛና ስድስተኛ ቦታ ላይ ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ በገመዱ ውስጥ ግን እስከ መጨረሻው ተቃቅፈው ነው የሚሄዱት።

«መሣሪያው ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ነው ባልና ሚስት የሚላቸው» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ሦስተኛው ላይ የአንዱን ባል፣ ስድስተኛው ላይ የሌላውን ሚስት አስቀመጥኩ። ጥንድ የለያየው ፋብሪካው አይደለም። እኔ ነኝ።»

ምን ልበል? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ እህቴ የሰውን ጥፋት ከአንድ ምሰሶ ርቀት የምትሰማ ሴት የራሷን ከአፍንጫዋ ሥር አልሰማችም። ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው የተቆጣሁበትን ጥፋት!» ብላ ስልኳን አነሳች። ባለ መነጽሩ ከእንቅልፉ ሳይነቃ አልቀረም።

«እኔ ሽቦ ነኝ። ረቡዕ ስለ ቀለሞቹ ልትነግረኝ ስትል አፍህን አስይዤህ ነበር። በል አሁን ቀጥል።»

«ሦስትና ስድስት ነው አይደል?» ሲል በስልኩ ይሰማናል።

«እሱን ደርሼበታለሁ። የቀሩትን በል፤ አንድ በአንድ፣ እየጻፍኩ ነው።»

ነገራት። ጽፋ ስትጨርስ «አመሰግናለሁ ልጄ፤ ረቡዕ ባለጌ ነበርኩ» አለችው። ይህን ቃል ለእኔ ብላኝ አታውቅም፤ ቢሆንም ደስ አለኝ።

ያሰረችውን ሁሉ በፒንሳ ቆርጣ ጣለችና ከሳሎን እስከ ጓሮ ጫፎቹን እንደ አዲስ አሰረች። እኔ ወንበር ያዝኩ፤ ሚጣ ዝርዝሩን አነበበች። በየሶኬቱ ስትደርስ የመጀመሪያውን ምልክቷን አላጠፋችም። ከሥሩ በእርሳስ «ተሳስቼ ነበር፤ እሑድ አስተካክያለሁ» ብላ ጻፈች።

«እትዬ፣ ማን ያየዋል? አጥፊው እንጂ» አልኳት።

«የሚያየውማ እንዲያውቅ ነው። ስህተቴን የደበቀ ምልክት ምኑ ምልክት ነው?»

የተናገርኩትን ተረት መለስ አደረግኩላት፤ ይቅርታ ጠየቅኳት። «ተረቱ ልክ ነበር» አለችኝ፤ «አሁን ግን የቆጡን አውርደን የብብቱንም አንስተናል።» የቅዳሜዋ የሥራ ጓደኛ በቪዲዮ ስትመጣ የጆሮ ጉትቻዋ ሲወዛወዝ እንኳ ይታይ ነበር። ቢሆንም አንድ ጥሪና ሦስት ሰዓት ለየቅል ነው፤ ማንም አልተኩራራም።

ሰኞ ጠዋት የመዶሻ ድምፅ ሰምቼ ወደ ሳሎን ወጣሁ። እህቴ በዚያ በከሸፈው ቀዳዳ ውስጥ ቁራጭ እንጨት መትታ የስንብት ሰዓቷን ሰቅላዋለች። አፌን ልከፍት ስል ቀደመችኝ።

«ቀዳዳው እንደሆን አለ። ባዶውን ከሚያፍር ሥራ ይያዝ።»

ሦስት ሰዓት ሲሆን ሚጣ ክፍሏ ገባች። በስክሪኑ ማዶ አለቃዋና አንዲት መስማት የተሳናት ፈታኝ አሉ። በሩ ተዘግቷል፤ የሚጣና የአለቃዋ ድምፅ ግን በበሩ ሾልኮ ይሰማናል። እህቴ መኝታ ቤቴ ገብታ አልጋዬ ላይ ከነጫማዋ ቆመችና መዳፏን ኬብሉ ያለፈበት ሽፋን ላይ አደረገች። ምን ታደርጊያለሽ አላልኳትም። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ በእጄ ልስፋ ብዬ የደንበኛ ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ፤ ፈታሁት፤ መልሼ ገልብጬ ሰፋሁት።

አራት ሰዓት አለፈ። አምስት ሰዓት አለፈ። የሚጣ ድምፅ ሳይቆራረጥ ይመጣል፤ ፈታኟ በእጇ የምትለውን እየተከታተለች ስለ ኩላሊት፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ መድኃኒት ሰዓት በአፏ ታደርሳለች። ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ለአፍታ ዝም አለች። መርፌዬን አቆምኩ። እህቴ ከአልጋዬ ሳትወርድ ዓይኗን ጨፈነች።

«ከደረቴ ነው የሚጀምረኝ» አለ የሚጣ ድምፅ፣ ከወትሮው ጮክ ብሎ። «ወደ ሆዴ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ግን ደረቴን ነው። ደረቴን!»

ያን ጊዜ ነው እህቴ እጇን ከሽፋኑ ላይ አንስታ ፊቷን የጠረገችበት።

የተሰቀለው ሰዓት ስድስትን ሲነካ ሁለታችንም የሚጣ በር ላይ ተደግፈን ቆመናል። አለቃዋ አንድም ጊዜ አልተቋረጠም ሲል ሰማን።

«ቤት ቀየራችሁ እንዴ?» አላት።

«አልቀየርንም። ግድግዳውን አሳመንነው።»

«መልካም። በየወሩ ግን እንፈትናለን።»

«ከፈለጋችሁ በየቀኑ ፈትኑ» አለች የእኛ ልጅ። «እኔ እዚሁ ነኝ።»

ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማ። «መስመሩን የዘረጋው ድርጅት ማን ይባላል? ቅጹ ላይ ልሙላው።»

«እናቴ ናት።»

«ድርጅቱን ነው የጠየቅኩት።»

«እኔም የመለስኩት እሱን ነው። እናቴ ናት።»

አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ... የሥራ ልምድ የሚልም አለ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት» አለች ሚጣ።

እህቴ በሩን በመዳፏ ደበደበችው።

«ከአንድ ስህተት ጋር በይው! እሱንም ይጻፈው!»